ጥቁሩ መነጽር

እሑድ፣ ጥቅምት 9
የዚህ የሰው አገር ወደብ ሙቀት ዛሬም አልቀነሰም። አለቃዬ ሙሴ ረምዚ ቢሮ ጠራኝ። የመርከብ ዝገት የምናነሳበትን የሌዘር ማሽን አደጋና ጥንቃቄ ለሠራተኛው የማስተምር እኔ ነኝ፤ ሦስት ዓመቴ። አሁን ፈቃድ ያለው አስተማሪ ከሌለን የወደቡን ሥራ አናገኝም አለ። ትምህርቱ ለብቻ ይጸድቃል፣ አስተማሪው ለብቻ ይፈተናል። የጻፍኩት እኔ፣ የማስተምረው እኔ... ሁለት ጊዜ ለምን?

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ትምህርቱ ጸደቀ። ባለቤቴ ፋናዬ "አስተማሪው ቀረ" ብላ ሳቀችብኝ። አናደደችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ፈታኟ ማዳም ዙለይካ መጣች። ሳስተምር ቁጭ ብላ አየች። እንደ ሁልጊዜው ጥቁር ጥቁሩን መነጽር መርጬ አደልኩ። ብየዳ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መስታወቱ በጠቆረ ቁጥር ዓይን ይድናል ብዬ...
"ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ" አለችኝ በፈረንሳይኛ።
አነበብኩ። ማሽኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገናኝም። ለሌላ ዓይነት ጨረር የተሠራ ነው፤ የእኛን ያሳልፋል። ወረቀቱ ላይ "ለማሽኑ የሚስማማ መነጽር" ብዬ ጽፌአለሁ። በእጄ የምሰጠው ግን ሌላ። ወደቅሁ።
ሠላሳ አንድ ሰው አስተምሬአለሁ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 4
ራህመት፣ ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ባለፈው ወር ምን ነበር ያለችኝ? "ግራ ዓይኔ ላይ ጥላ አለ..." እንቅልፍ አጥተሽ ነው አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።
ሙሴ ረምዚ ዝም በል ይላል። መነጽሩን እንቀይራለን፣ አንተም ደግመህ ትፈተናለህ፣ ማን ያውቃል? እውነቱን ይሆን? ካወራሁ ማን መልሶ አስተማሪ ያደርገኛል?

እሑድ፣ ኅዳር 7
ካርቲየ 6 ሰፈር፣ ራህመት ቤት ሄድኩ። እናቷ ሻይ አቀረቡ። ሁሉንም ነገርኳት።
"ጋሽ ጀንበሬ፣ ሌሎቹስ ያውቃሉ?"
ስለ ራሷ ምንም አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ሠላሳ አንዱንም አግኝቼ ነገርኳቸው፤ የመን የተሻገሩትን ሁለቱን በስልክ። ሙሴ ረምዚ አኩርፎኛል። የራህመት ዓይን ላይ ያለው ጥላ ጠባሳ ነው፣ አይጠፋም አለ ሐኪሙ።
ዛሬ ፈቃድ ያለው አስተማሪ መጣ። የሚያስተምረው እኔ የጻፍኩትን ነው። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ ራህመት ከጎኔ። መነጽር ሲታደል ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፣ ራሴን ማመን አቃተኝ። ከእጄ ወሰደችና በደህና ዓይኗ አነበበችው። ማሽኑ ድረስ ሄዳ አስተያይታ መለሰችልኝ።
"ይሄ ይሆናል" አለችኝ።