ቢስኩት በሐምሌ የነቃበት ምክንያት

ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? የፐርዝ ባሕር ዛሬም እንቅልፍ ይነሳሻል ወይስ ድምፁን ለመድሽው? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብርድ ሲገባ ማማረር ያውቅበታል፤ ከእሱ በቀር የታመመ ሰው የለም። ሰው አልኩሽ። የታመመስ ነበር፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ለሥራ ወደ ፐርዝ ስትሄጂ ለልጅሽ ለታምሲን የተውሽላት ጺማሙ እንሽላሊት፣ ቢስኩት፣ በግንቦት መጨረሻ ለክረምት እንቅልፉ ገባ። ጎረቤታችን ዶሪን ሰባት እንደሱ ያሉ ታሳድጋለችና ሥርዓቱን አስተማረችን። ሁለት ሳምንት ምግብ ከለከልነው፤ ሆዱ ባዶ ካልሆነ የበላው በብርዱ ውስጡ ይበሰብሳል። ለብ ባለ ውኃ አጠብነው፣ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንነው፣ የሚያሞቀውን መብራትም በየቀኑ ሰዓቱን እያሳጠርን አጠፋነው። መስታወት ሣጥኑ ውስጥ ካለው ባዶ ግንድ ገብቶ ጀርባውን ሰጠን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ታምሲን በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች፤ እኔም ሳላውቀው ተከተልኳት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሣጥኑ አጠገብ ትጋደማለች፣ እኔ ወንበሬ ላይ። የሰኔ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉን ቀስ እያለች ታቋርጣለች፤ ሦስታችንም እናሸልባለን። “አባባ፣ ምን እያለመ ይሆን?” ትለኛለች። “በረሮ ነዋ! ሌላ ምን ያልማል?” እላታለሁ። “አይደለም፣ እማዬን ነው። በመዳፏ ይዛው የገባችው እሷ ናት” ትላለች። አንዳንድ ቀን ስነቃ የትኛው ሕልም የማን እንደነበር ይምታታብኛል። አንድ ጊዜማ እኔው ራሴ ቀይ አሸዋ ላይ ተኝቼ፣ ሩቅ የሆነ ድምፅ ስሜን ሲጠራኝ፣ ለመነሳት ግን ደስ የሚል ስንፍና ሲይዘኝ አይቻለሁ። ደስ የሚል ወር ነበር ልጄ።

ከዚያ እሑድ ቀን ደወልሽ። ዓርብ እመጣለሁ አልሽ።

ታምሲን ስልኩ ከመዘጋቱ “ተኝቶ ልታገኘው ነው?” ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዶሪን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ “ተዉ! በእንቅልፉ መሀል አይቀሰቀስም። ከነቃ ደግሞ ተመልሰህ ተኛ አይባልም፣ የበላው ሆዱ ውስጥ ይቀራል” አለችን። እኔ ሽማግሌው ልቤ እንደ ልጅቷ ልብ ዘሎ ነበርና፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ እንሽላሊት ስንት ሕግ አለሽ!” አልኳት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ሰኞ መብራቱን አበራነው። ረቡዕ ዓይኑን ገለጠ። ዓርብ ጠዋት አራት በረሮና ትንሽ ዱባ በላ። ታምሲን ቢጫ ሹራቧን ለብሳ በር ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯን ሦስት ጊዜ አበጠርኩላት። የበግ ጥብሱ ምድጃው ውስጥ ደረቀ።

ሰኞ ነው ያየሁት። የቢስኩት መብራት ጠፍቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ጺሙም በሕመም ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ታምሲን ቅዳሜ ጠዋት ራሷ አጥፍታው ኖሯል። ስጠይቃት “ማንም ካልመጣ ለምን ይነቃል? ይተኛ በቃ” አለችኝ።

ዶሪን አልተቆጣችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። መብራቱን አብሩ፣ በቀን ሁለቴ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሆዱን በጣት እሹት፣ ከዚያ የሚሆነውን እናያለን አለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግን። አንድ ቀን ታምሲን መዳፏን ከሆዱ ሥር አድርጋ “የኔ ጥፋት ነው አይደል?” አለችኝ። አይደለም አልኳት። “እና የማን ነው?” አለች።

ስምሽ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን የውኃው እንፋሎት ፊቴን ሲሸፍነው አንቺን አየሁሽ። ስምንት ዓመትሽ ነው፤ የውኃ ታንከሩ ላይ ወጥተሽ እኔ የምመጣበትን የአድላይድን መንገድ ታያለሽ። እኔ በግ የጫነ መኪናዬን ይዤ “ለልደትሽ እደርሳለሁ” ብዬሻለሁ። አልደረስኩም። ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ “አቧራ ባየች ቁጥር እኮ ትዘላለች” ስትለኝ እስቅ ነበር። እመጣለሁ ብሎ መቅረትን ከኔ ነው የተማርሽው። አፍሬአለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ይህቺን ለማለት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

በዘጠነኛው ቀን ቢስኩት፣ ከይቅርታ ጋር፣ ሳፋው ውስጥ አራ። በኩስ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም፤ ዶሪንማ አጥር ማዶ ሆና አጨበጨበች። አሁን የከተማችን የብሮክን ሂል ጺማሞች ሁሉ ተኝተው እሱ ብቻውን ሐምሌን ነቅቶ ይከርማል። መልሰን አናስተኛውም።

ከእንግዲህ እመጣለሁ ብለሽ አትደውዪ። መምጣት ካለሽ ዝም ብለሽ ባቡሩ ላይ ውጪ። በራችን አይቆለፍም፤ ምግብም አይጠፋም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማክሰኞ ደውለሽ “መስከረም ላይ እመጣለሁ፣ እስቲ ታምሲንን አቅርብልኝ” ስትዪኝ ዶሪን ቤት ሄዳለች ያልኩሽ ውሸት ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፣ ቢስኩት ትከሻዋ ላይ። ስልኩን ስዘረጋላት እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ “የለችም በላት” አለችኝ።

እግዜር ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ መንገዱንም ያሳጥርልሽ።

አባትሽ