የስድስት ሰው ማስረጃ

ኅዳር 3

ዛሬም አራት እንግዳ። ሠላሳ ስምንት ክፍል፣ አራት እንግዳ...

ጠዋት ሥልጠና ነበር። ሦስት ሳህን በአንድ ክንድ ስለመያዝ። ማን ሊበላበት ነው ሦስት ሳህን? አስተማርኩ ግን። ሁለት ሳህን ተሰበረ። ሳቅን። 

ብርቄ ለቀቀች። አስተናጋጅ ሆና ስትገባ ሹካ በየት በኩል እንደሚቀመጥ አታውቅም ነበር። አንድ ዓመት ከአምስት ወር አጠገቧ ቆሜ አሳየኋት። አሁን አዲስ አበባ ጥሩ ቦታ አግኝታለች። "እትዬ ሰብሌ፣ በእርስዎ ነው ሰው የሆንኩት" ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደከመኝ እንጂ ደስ አላለኝም።

የሰው ኃይልና ሥልጠና ኃላፊ ከተባልኩ አሥራ አንድ ዓመት። ያሠለጠንኳቸውን በስም ልቆጥር ሞከርኩ። ሃያ ሰባት ላይ ተውኩት። ከነሱ ውስጥ እዚህ ያሉት አምስት ናቸው። ሥራዬ ምንድን ነው? ማሠልጠን ነው መሸኘት?

ኅዳር 6

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጠሩኝ። የሆቴሉ ባለቤት። የብርቄን መሄድ ሰምተዋል።

"ወይዘሮ ሰብሌ፣ ከእንግዲህ አሠልጥነን ለሰው አንሰጥም።"

ለገና ስድስት ሠራተኛ ይሠልጥን አሉ። ግን ውል ይፈርሙ። ከሥልጠናው በኋላ ሦስት ዓመት ላይለቁ። መያዣው ዋናው የትምህርት ማስረጃቸው፣ እኔ ቢሮ ተቆልፎ።

"ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ሦስት ዓመት አይበዛም?" አልኩ።

"ብርቄ ስንት ቀን ቆየችልን?"

አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር... ብዙም አልፈለግኩም። እንደገና ከሹካና ማንኪያ ከመጀመር ይሻላል ብያለሁ በልቤ።

ኅዳር 7

ውሉን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። አንድም ሰው አላስገደደኝም፤ ቃላቱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ።

ኅዳር 10

አምስቱ ፈረሙ። አንዳቸውም አላነበቡትም። "እትዬ ከጻፉት ምን ይነበባል?" አለ አንዱ።

ስድስተኛው አያ ደሳለ ነበር፣ የወጥ ቤቱ አለቃ። እኔ ስቀጠር እዚሁ ያገኘሁት ሰው። አነበበው። በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻው።

"ስምንተኛ ክፍል ያለፍኩባት ወረቀት ናት ያለችኝ። ቤቴ ትቀመጥ።"

"ሥልጠናው ይቀርብሃላ አያ ደሳለ።"

"ይቅርብኝ። ሰው የሚታሰረው በቃሉ ነው እንጂ በወረቀቱ ነው እንዴ፣ ሰብሌ?"

ሄደ። ተናደድኩበት። በምን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም።

ኅዳር 12

በአያ ደሳለ ፋንታ ዙልፋን አስገባሁ። ከወገል ጤና የመጣች፣ ሎንድሪ ውስጥ የምትሠራ። ያስገባኋት ለምንድን ነው? አንድ ቀን የስምንት እንግዳ ሸሚዝ ተደባልቆ ቁጥሩ ጠፍቶ ነበር። ሳትጠይቅ ለየባለቤቱ አደረሰች። "ሰው እንደ ልብሱ ነው፤ አይቻቸዋለሁ" አለች።

ማስረጃዋን በላስቲክ ጠቅልላ አመጣች። በአካውንቲንግ ደረጃ አራት! ሦስት ዓመት ሙሉ አንሶላ ስታጥብ ማንም ምን ተማርሽ ብሎ አልጠየቃትም። እኔም። ጠያቂው ግን እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬ እኮ ነው...

ፈረመች። ስድስቱን ፖስታ የብረት ካቢኔቱ ውስጥ ቆለፍኩ። ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ።

ኅዳር 24

ሦስተኛ ሳምንት። እንግዳ መቀበል።

ዙልፋ እጇን አወጣች። "እትዬ፣ እንግዳ ሲቆጣ ፈገግ በሉ ይላል ወረቀቱ። እኔ ተቆጥቼ ሰው ፈገግ ቢልብኝ አይብስብኝም?"

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ወረቀቱን አየሁት። በየዓመቱ የማባዛው ወረቀት ነው። አንድ ሰው እንኳ እንደዚህ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

"ምን ይሻላል ትያለሽ?"

"መጀመሪያ ዝም ብሎ መስማት።"

ፈገግታውን በእስኪርቢቶ ሰረዝኩት።

ታኅሣሥ 8

ብርዱ ጉልበቴ ገብቷል። ደረጃውን ሁለቴ አርፌ ወጣሁ። ሥልጠናውን ተቀምጬ ሰጠሁ።

ታኅሣሥ 16

ዙልፋን ሪሴፕሽን አስቀመጥኳት። ኮምፒውተሩን በአራት ቀን ለመደችው። ሌላው በወር የሚለምደውን። ስታስረዳኝ እኔ ነኝ ቀስ በይ የምላት።

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ከተማው ሰው በሰው ነው፤ መንገዱ ነጭ ለብሷል። ስንት ዓመት እንዲህ አላየንም!

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት የተሳላሚ አውቶቡስ አንድ ጊዜ ደረሰ። አንዱ ከደብረ ብርሃን፣ አንዱ ከኮምቦልቻ። ሌላው ክፍል ሁሉ ተይዟል፤ የቀረው አሥራ ሁለት ክፍል ደግሞ ለሁለቱም ተሰጥቷል። ስህተቱ የኔ ነው። ሁለቱንም በስልክ ተቀብዬ አንዱን አልጻፍኩትም። አስተባባሪዎቹ ይጮሃሉ፣ እናቶች ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። እኔ ቆሜ ቀረሁ። 

"አብሽሩ እትዬ" አለች ዙልፋ።

ወጥታ መሃላቸው ገባች። የሚጮኹትን ሰማች። እስኪጨርሱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ፦ "እናቶቼ፣ ደረጃ መውጣት የማትችሉት እነማን ናችሁ?" ከሁለቱም አውቶቡስ እጅ ወጣ። ምድር ቤቱን ለነሱ ሰጠች። ወደ ወጣቶቹ ዞረች፦ "ሎንድሪው ሰፊ ነው፣ ይሞቃል፣ ፍራሽ አነጥፋለሁ። ለእናቱ ክፍል የሚለቅ ማነው?" ማን እኔ አይደለሁም ይላል! በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ገባ።

ከኮምቦልቻ የመጣች አንዲት ሴት ዳር ቆማ ስታይ ነበር። ወይዘሮ ዳግማዊት ትባላለች፤ እዚያ ሆቴል ታስተዳድራለች። "ማነው ያሠለጠናት?" አለችኝ።

"እኔ" አልኩ። ግማሹ እውነት ነው።

ሲመሽ ዙልፋ ሁላችንንም ገፋችን። "ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። እኔ አለሁ። ለዒድ ትተኩኛላችሁ።"

ጥር 6

ከሰዓት በኋላ ዙልፋ ቢሮ መጣች። በሩን ዘጋች። ወይዘሮ ዳግማዊት ደውላላታለች። ኮምቦልቻ፣ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ።

"እናቴ ወገል ጤና ብቻዋን ናት እትዬ። ከዚህ ሁለት ቀን ነው። ከኮምቦልቻ በግማሽ ቀን እደርስላታለሁ።" ዋናውን ማስረጃ እስከ ጥር አሥራ አምስት ይዘሽ ነይ ብለዋታል።

"ውሉን ፈርመሻል" አልኩ።

"ፈርሜያለሁ። ለዚህ ነው የምለምንዎት።"

ዓይኔ መሳቢያው ላይ ነበር። አፌ ደግሞ... "ቁልፉ አቶ ሀብተ ሥላሴ ጋ ነው" አለ።

ለምን? አዝዘውኝ አይደለም። አዲስ አበባ ናቸው፤ ስለሷም አልሰሙም። ነገ ሪሴፕሽኑ ባዶ ሆኖ ታየኝ፣ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ሹካ፣ ሌላ ሳህን... ደክሞኝ ዋሸሁ። እንዲህም ይዋሻል?

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦት ሸኘሁ። ከሰው ጋር እልል አልኩ። ቤት ገብቼ ተኛሁ።

ጥር 13

ዙልፋ እንደገና መጣች። "ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ተመለሱ?"

"ገና ናቸው።"

"ቢደውሉላቸውስ?"

"እደውላለሁ።"

አልደወልኩም።

ጥር 16

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዙልፋ ራሷ ነገረችኝ፤ ቆማ፣ በእርጋታ። "እንግዲህ አላህ ያለው ነው" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ለምሳ አልወረድኩም።

ጥር 20

በሰዓቷ ትገባለች። በሰዓቷ ትወጣለች። አንድ ስህተት የለባትም። ለእንግዳው ትስቃለች፤ እንዳሠለጠንኳት፣ ልክ እንዳሠለጠንኳት።

ወይዘሮ ሰብሌ ነው የምትለኝ አሁን።

ጥር 25

አያ ደሳለ ጓዳ በር ላይ አገኘኝ። ጎመን እየቀነጠሰ ነበር።

"ያቺን ልጅ ምን አደረግሻት?"

"ምን ሆነች?"

"ድሮ ስታልፍ ምን ሠራችሁ ትል ነበር። የቱ እንጨት፣ የቱ ቅመም እያለች ትጠይቀኝ ነበር። አሁን ሰላም ብላ ታልፋለች። መጠየቅ ትታለች።"

 ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠለ።

መጠየቅ ትታለች... ከሁሉም ይኸኛው ወጋኝ። ሰው አስተምሬ አውቃለሁ፤ ሰው መጠየቅ አስትቼ ግን አላውቅም ነበር።

ጥር 26

ካቢኔቱን ከፈትኩ። አምስቱን ለየባለቤቱ ሰጠሁ። "ምነው፣ ተባረርን እንዴ?" አሉኝ ደንግጠው። አይደለም አልኩ።

የዙልፋን በመጨረሻ ይዤ ወረድኩ። ሪሴፕሽኑ ላይ አስቀመጥኩት።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ያን ጊዜም።"

ቀና አላለችም። የሆነ ነገር ትጽፍ ነበር። ጨረሰችው።

"አውቃለሁ" አለች። "መሳቢያዎ ሲከፈት ይጮሃል። ውስጡ ያለው ቁልፍ ሲንኳኳም እዚህ ድረስ ይሰማል።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

አሁን አየችኝ። "ጠይቄዎታለሁ። ሁለት ጊዜ።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ፖስታውን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች፣ አገላብጣ አየችው፣ መለሰችው። "ሰምቻለሁ" አለች። አድርጌያለሁ አላለችም። ማለትም የለባትም።

ጥር 28

አቶ ሀብተ ሥላሴ ተመለሱ። ከመጠየቃቸው በፊት ገብቼ ነገርኳቸው። ወረቀቱን መመለሴንም፣ መዋሸቴንም።

"ውሉን የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ!"

"እኔ ነኝ።"

"ነገ ስድስቱም ቢሄዱ?"

"ሊሄዱ ይችላሉ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "እኔም ደክሞኛል ወይዘሮ ሰብሌ" አሉ። "በር ከፍቶ ሰው መጠበቅ ያደክማል። የመጣውን እንግዳ የሚቀበል ሰው ላጣ ነው ብዬ ነው እኔ..." አልጨረሱትም። እኔም አልጨረስኩላቸውም።

ከዚያ ወሰኑ። ሥልጠና ቀርቷል። የምናሠለጥንበት አዳራሽ ይቆለፍ። እኔ የሠራተኛ መግቢያ ፊርማና ፈቃድ ብቻ እይዛለሁ። ኃላፊ የሚለውም ይነሳል።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ማልቀስ ነበረብኝ? እንቅልፍ ነው የመጣብኝ።

የካቲት 10

ዙልፋ ለቀቀች። ደሴ ትገባለች። ሥራ አላገኘችም ገና፤ "ወረቀቴን በእጄ ይዤ ልፈልግ" አለች። ከስድስቱ አንድ ሌላም አብሯት ሄደ። አራቱ አሉ።

መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣዋን አንድ ጎኑን እኔ ያዝኩ። እምብዛም አላወራንም። መኪናው ሊነሳ ሲል፦

"ሪሴፕሽኑ ላይ ደብተር ትቻለሁ። ለምትተካኝ ልጅ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።" እጄን ጨበጠች። አልሳመችኝም። ግን ጠበቅ አድርጋ ነው የጨበጠችኝ፤ ወይስ እኔ እንደዚያ ፈልጌ ነው?

ተመልሼ ደብተሩን አየሁት። አሥራ አንድ ገጽ። ኮምፒውተሩ ሲቆም ምን እንደሚደረግ። የትኛው ክፍል በር ከፍ ተደርጎ እንደሚገፋ። የቱ ክፍል ለሽማግሌ፣ የቱ ልጅ ላለው ሰው። ውሃ የሚጠፋበት ሰዓት። የኔ የሥልጠና ወረቀት ውስጥ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለም።

ቁጭ ብዬ ሙሉውን አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

የካቲት 21

ጾም ከገባ አምስተኛ ቀን። ስድስት እንግዳ።

ከሥራ በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ቤቴ ልወጣ ስል አራቱ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አንዷ በሌሎቹ ተገፍታ ተናገረች። የጾም ምግብ ለውጭ እንግዳ ማስረዳት አቅቷቸዋል። ትላንት አንዲት ፈረንጅ ሽሮ ምንድን ነው ብላ ጠይቃ፣ ሁሉም ወለሉን አዩ።

"ሥልጠና ቀርቷል እኮ" አልኩ። "አዳራሹም ተቆልፏል።"

"አዳራሽ አንፈልግም። ጓዳው አለ።"

"ደክሞኛል ልጆቼ።"

"ተቀምጠው ያስረዱናላ።"

አያ ደሳለ ከውስጥ፦ "ግቡ እንጂ! ብርዱን ምን ታስገባላችሁ?"

ገባን። እሱ ድስቱን እየከፈተ ይህ ምንድን ነው፣ ከምን ተሠራ፣ ለምን ዘይት አነሰው እያለ ተናገረ። እኔ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ነገርኳቸው። የማላውቀው ሲመጣ አላውቅም አልኩ፤ አብረን ፈለግን። በመሃል አያ ደሳለ ሽንኩርት ሰጠኝ። መክተፍ ስጀምር ሳቀ። "አሥራ አንድ ዓመት ስታሠለጥኚ ቢላ እንዲህ ነው የምትይዢው?" ጣቴን አስተካከለልኝ።

የስም መቆጣጠሪያ አልነበረም። ፊርማም የለም። ከአራቱ አንዱ ባሕር ዳር ቦታ እየጠየቀ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ስለ ተጋቢኖና ሽሮ ልዩነት ደጋግሞ የጠየቀኝ እሱ ነው። ደጋግሜ ነገርኩት።

ማን ይቆያል ብዬ አልጠየቅኩም። እጄ ሽንኩርት ሸቷል፣ ጉልበቴ እንደሆነ እንደ ወትሮው ነው። ቀስ ብዬ ዳገቱን ወጣሁ።