በዓሣ ቤት ስለተፈተነው ጠመንጃ

ለተከበሩ የአዲሱ ጠመንጃ ንድፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለአቶ ባሱዴብ ሳንያል፤

ወታደሩን ልጄን ሱባልን እርስዎ ገድለውብኛል። ከዚህ በቀር እኔ ደህና ነኝ፤ የእርስዎም ጤና፣ በተለይ ብርድ የማይወደው ጉልበትዎ፣ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በፋብሪካዎ ሞረድ ይዤ የቆምኩ፣ ፊደልም በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ ቅሬታዬን በቁጥር ማስቀመጤን እንደ ድፍረት አይዩብኝ።

፩. አገራችን በገዛ እጇ የሠራችው ጠመንጃ በረዷማው ተራራ ላይ እንዲፈተን ታዝዞ ሳለ፣ መንገዱ ስለራቀብዎ ወንዝ ዳር ባለው የሂልሳ ዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት አንድ ቀን አሳድረው «ብርድ ችሏል» ብለው ስለፈረሙ አመሰግናለሁ። የፕላስቲኩ የጥይት ካዝና ተራራ ላይ ይሰነጠቃል ብዬ በሰው ፊት ብነግርዎ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አቶ ኒራፓዳ፣ ዓሣው እንኳ ድንጋይ ሆኗል፤ ከዚህ የባሰ ብርድ ከየት ላምጣልህ?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። የመጨረሻው ፈታሽ እኔ ነበርኩና፣ ማኅተሜን እስክመታ አርባ ሠራተኛ ምሳ እንዳይወጣ ስላገቱ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ መታሁ።

፪. የልጄ ጓደኛ ላምበር ራይ ቤቴ መጥቶ እንደነገረኝ፣ ያንኑ ጠመንጃ ታጥቀው በረዷማው ተራራ ላይ ሳሉ፣ ጎህ ሲቀድ ጠላት ከሸንተረሩ ሲወርድባቸው፣ ሱባል አንዱን ካዝና ጨርሶ ሁለተኛውን ለማስገባት በመዳፉ ቢመታው እንደ ሸክላ የሻይ ስኒ ተፈረካከሰ። ጥይቱ በረዶው ላይ ተበተነ። አፈሙዙን ጨብጦ በሰደፉ የአንዱን መንጋጋ ሰበረ፤ የሌላውን ግንባር ሲፈልጠው ሰደፉም ተሰበረ። ከዚያ ሦስት ሆነው ሆዱን በሳንጃ ዘረገፉት። ላምበር፣ «አባባ፣ ነፍሱ እስክትወጣ ጥይት ይለቅም ነበር» አለኝ።

፫. በእጅ ባለሙያዎች አምላክ በቪሽዋካርማ በዓል፣ መሣሪያዎቻችንን አጥበን አበባ በምናስርበት ቀን፣ «የተሻሻለውን» ጠመንጃ ለበረከት ቀይ ቀለም እንድቀባ ጠርተውኛል። ክብሩ ከብዶኛል። ካዝናው ያው ነው፤ የተፈተነውም እዚያው ዓሣ ቤት ነው። የበረዶው ወቅት ሳይገባ አራት ሺህ ልጆች ሊታጠቁት ነው።

ስለዚህ የፈታሽ ማኅተሜን ፊት በሞረድ ልጬ በዚህ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ያለ እርሱ አንድም ጠመንጃ ከበር እንዳይወጣ ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። አዲስ ካስቀረጹ የራስዎን ስም ያስቀርጹበት፤ ጠመንጃውንም ተሸክመው ተራራውን ይውጡ። የዚህ ደብዳቤ ቅጂ የፋብሪካው በር ላይ ተለጥፏል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ዳግመኛ የማይጎነብስልዎ፣
የሱባል አባት ኒራፓዳ ካርማካር

ሳልጠቅሰው የቀረ፦ በፈተናው ማግስት ለየቤታችን ሂልሳ ልከው ነበር። ሱባል ከጦሩ በዕረፍት ፈቃድ መጥቶ ስለነበር እናቱ በሰናፍጭ ሠራችለት። እጁን እየላሰ «አለቃህ ደግ ሰው ነው» አለኝ። እኔም ስለ ማኅተሙ ሳልነግረው ዓሣዬን በላሁ። ከዛሬ በኋላም ስለዚያ ዓሣ፣ ለእርስዎም ሆነ ለሌላ፣ አፌን አልከፍትም።