የተቀየረው መጨረሻ

ውድ እህቴ ጥሩዬ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ባለሽበት ይድረስሽ። እኛ ጂንካ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ትንሽ ደክሞኛል።

ልጆች ሆነን እየተሻማን ያነበብነው የፍቅር ልቦለድ ፊልም ሆኖ እዚህ አዳራሽ መጣ። ከባለቤቴ ከጎሳዬ ጋር አየነው። ቆላ አርቦሬ ከነበረው ሥራው ከተመለሰ ወዲህ ቶሎ ስለሚደክመው መንገድ ላይ እያረፍን ሄድን። ሱሪውም ሰፍቶት አጠበብኩለት። ሳሉ ሰው እንዳይረብሽ በሩ አጠገብ ተቀመጥን።

መጽሐፉ ላይ የሚሞተው ባል ፊልሙ ላይ ድኖ ይነሳል። ከኋላችን የነበሩ መምህራን “ታሪኩን አበላሹት!” ብለው ተቆጡ።

ጎሳዬ እጄን ይዞ፣ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” አለኝ።

“እንዲህ ይሻላል” አልኩት።

በማግስቱ ልብስ ማጠቡን ትቼ፣ ብቻዬን ሄጄ ደግሜ አየሁት።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ፋሲካን ሳትጠብቂ ለገና ነይ።

እህትሽ ፀደይ