በወርቅነሽ ጆሮ ሥር ያለው ድንጋይ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አንዱን ጫፍ ስጫነው ሌላው ጫፍ ብድግ አለ። ሳላስበው እጄን ሰበሰብኩ። ወርቅነሽ ሳቀች፤ ለምጄዋለሁ አለችኝ። ከቀኝ ጆሮዋ ፊት፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ባቄላ የምታክል ድንጋይ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጉኑኖ ውስጥ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ትዘምራለች።

ባለፈው ሳምንት በመርፌ የወሰድኩት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደስ አይልም። የተጨናነቁ ጥቋቁር ሴሎች፣ ብዙዎቹ በመከፋፈል ላይ። ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከጸጉር ሥር የሚነሳ ክፋት የሌለው እብጠትም እንዲህ ያታልላል። ቀዶ ሐኪሙ ለዓርብ ቀጥሯታል። ካንሰር ከሆነ የፊቷ ነርቭ አብሮ ይቆረጣል፤ ግማሽ ፊቷ ወድቆ ይቀራል። በዚያ አፍ እንዴት ይዘመራል? ከዓርብ በፊት ትንሽ ቁራጭ እንዲያወጣልኝ ቀዶ ሐኪሙን ለመንኩት። እያጉረመረመ አወጣልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ቁራጩን ልከፍለው ስል ምላጩ ሲጢጥ አለ። ሥጋ እንዲህ አይጮህም። ውስጡ ኖራ ሆኗል። እስኪለሰልስ አሲድ ውስጥ ነከርኩት። ከዚያ የአንድ ለአምስት ስብሰባ። አጀንዳው ሰዓት ማክበር ነበር፤ ዘግይቶ ተጀመረ።

ስወጣ አባቷ አቶ ቶማ በር ላይ ጠበቁኝ። ውጤቱን ከእሳቸው በፊት ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ማልኩላቸው። በአቶ ቶማ አማርኛ እኔ ሁልጊዜ ወንድ ነኝ፤ አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለስልሷል። በስሱ እንዲቆረጥ ሰም ውስጥ ገባ። መጠበቅ አልወድም።

የተኛችበት ክፍል ሄጄ አየኋት። ጠዋት ጠዋት ከእሷ ቀድሞ እንደሚነቃ ነገረችኝ። ማን? አልኩ። በጣቷ ጆሮዋ ሥር አሳየችኝ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ በሐኪም ድምፅ አስረዳኋት። ቤቴ ገብቼ ግን የራሴን ጆሮ ሥር ስዳብስ አመሸሁ። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር እየታጠነ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ ሶዶ በጭስ ታፍናለች። መብራት የለም። ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት አስጠግቼ በመስተዋቱ የቀን ብርሃን ለቃቀምኩ።

መጀመሪያ እነዚያው ጥቋቁሮች። ስላይዱን ገፋ ሳደርገው ሴሎቹ እየገረጡ ሄዱ። ግድግዳቸው እንደቆመ ነው፤ መሐላቸው፣ ኒውክለስ መኖር ያለበት ቦታ፣ ምንም የለም። ሰዎቹ ጥለውት የሄዱ መንደር ይመስላል፤ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ ዳር። የተማርንበት መጽሐፍ የሙት መንፈስ ይላቸዋል። እኔ ጥላ እላቸዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን በዚያኛው ስም አልጠራቸውም። ጸጉር ሊሆኑ ጀምረው መንገድ ላይ የሞቱ ናቸው። የእብጠቱ ጠርዝም ንጹሕ ነው፣ የትም አልወረረም። ካንሰር አይደለም!

መሐላዬ የሚቆርጣትን ሐኪም አይጨምርም ብዬ ለቀዶ ሐኪሙ ነገርኩት፤ ነርቩን አልነካም አለ። አቶ ቶማ ጉኑኖ ተመልሰዋል፣ ስልካቸው አይሠራም። ጎረቤታቸው ጋ ደውዬ፣ ነገ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በማለዳ እንዲደርሱ ንገሩልኝ አልኩ። ምንድን ነው? ሲሉኝ ለእሳቸው ብቻ ነው የምናገረው ብዬ ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ምን ነክቶኝ ነው? በአገራችን ሰው በማለዳ የሚጠራው ለመርዶ ነው።

ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እስካሁን ካልጠራው የትናንት ጭስ ውስጥ ወጡ። አቶ ቶማ ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ወርቅነሽ በመስኮት አይታቸዋለች። የራሷን ለቅሶ ቆማ አየች።

"ንገረን ዶክተር" አሉ አቶ ቶማ። "እኛ ዝግጁ ነው።"

ካንሰር እንዳልሆነ፣ ለዚህም ምልክቱ የሞቱት ሴሎች እንደሆኑ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

"ሙት አግኝተህ ነው ደስ ያለህ?"

"አዎ አባባ።"

አላመኑኝም። ወርቅነሽን አስጠርቼ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበስኳት። ብዙ ቆየች።

"ማንም የለም" አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ለአባቷ በወላይትኛ ነገረቻቸው። እሷን አመኗት መሰለኝ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ረፋዱ ላይ በፋሻ ተጠቅልላ ከኦፕራሲዮን ወጣች። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ማስተካከል የደፈረ የለም። አባቷ ፈገግ እንድትል ጠየቋት። ከንፈሯ በሁለቱም ዳር እኩል ተነሳ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ከጉኑኖ ይዘውት የመጡትን ለቅሶ ለቀቁት። ሌሎቹም ተከተሉ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም፤ እኔም ሄጄ መሐላቸው ተቀመጥኩ።