ደብተርህን ለቀበሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ

ውድ ልጄ ቸኮል፣

መርዶህ ከጦር ግንባር የደረሰኝ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የእድራችን ዳኛ አቶ ዱጉማ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤታችንን ገዲሴንና የእድሩን ሰዎች አስከትለው ግቢያችን ሲገቡ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ደርቄ ተቀመጥኩ። ገዲሴ ትከሻዬን ይዛ «አልቅሺ እንጂ! ድንጋይ ነሽ እንዴ?» ብላ ነቀነቀችኝ። እንዴት ላልቅስ? የገደልኩህ እኔ መስሎኝ ነበር።

አሁን ልንገርህ። ያ የጨዋታ ሐሳብህን የምትጽፍበት ደብተር፣ እንደመሰለህ አውቶቡስ ላይ አልጠፋም። ወስጄ ለቀበሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በመሥሪያ ቤትህ ኮምፒዩተር ላይ ስለምትጫወተው ነገር ስትነግረኝ ሳቄ ይመጣ ነበር። ሰይፍ የያዘ ሰው ዋሻ ለዋሻ እየዞረ ከዘንዶ ጋር ይዋጋል። «እማዬ፣ አገሩ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። የማሰፋበትን ሐሳብ ጽፌ ለሠሪዎቹ እልካለሁ» ትለኝ ነበር። «ዘንዶ ከምትቀልብ ሚስት ብታገባ ምናለ?» ስልህ፣ «ሚስት ከዘንዶ የበለጠ ትበላለች» ትለኛለህ።

የካቲት ላይ ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው ተባለ። ደብተርህን ከፈትኩት። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ፊደል አርእስቱን ለማንበብ ይበቃኛል፦ «ከወንዙ ማዶ የሚጨመር አገር»፣ «የሰሜን በር ጠባቂዎች ብዛት»፣ «ንጉሡ የሚወድቅበት ሦስት መንገድ»። ከሥሩ ካርታ አለ፤ ወንዙ ቁርጥ እዚሁ አጠገባችን ያለውን የመካኒሳን ወንዝ ይመስላል። ፈታሾቹ ቢያዩት የአመፅ ዕቅድ ነው ይላሉ። እነሱ ከሚያገኙት ቀድሜ ባስረዳ ይሻላል ብዬ ለቀበሌው ጸሐፊ ለአስረስ ወሰድኩለት።

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

ገለጥ ገለጥ አደረገና «ዘንዶው ማንን ነው የሚወክለው፣ እማማ ውዳሴ?» አለኝ። ደብተሩን እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

በወሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራህ፤ በእኔ ጦስ መሰለኝ። ሻንጣህን ስታዘጋጅ ልነግርህ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ «ሹራብ ያዝ» ብቻ አልኩህ።

በአርባህ ማግስት የመሥሪያ ቤት ጓደኛህ ነገሪ ሊጠይቀኝ መጣ። አላስችል አለኝና ሁሉን ነገርኩት። ሰማኝና ተነሥቶ ሄደ። በነጋታው አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ፤ ቀበሌው መመልመልህን ለመሥሪያ ቤትህ ያሳወቀበት ደብዳቤ ግልባጭ።

«ቀኑን ራስዎ ያንብቡት፣ እማማ» አለኝ።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ጥር 18። ደግሜ አነበብኩት። እኔ ደብተሩን የሰጠሁት በየካቲት ነው።

«ቸኮል ከጥር ጀምሮ ያውቅ ነበር» አለ ነገሪ። «እንዳይጨነቁ ብሎ ነው የደበቀው። ደብተሩን ማን እንደወሰደውም ያውቃል። አስረስ ሲያስጠራው ሄዶ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ዘንዶው ሲያስረዳው ዋለ። "እማዬ ታፍራለች፣ እንዳትነግራት" ብሎኝ ነው።»

ደብተሩንም አወጣልኝ። አስረስ መልሶልህ ኖሯል፤ አንተም ስትሄድ ለነገሪ አደራ ሰጥተኸዋል። በአንዱ ገጽ ላይ አስረስ በቀይ እስክሪብቶ ጽፏል፦ «በዚህ አገር ወፍጮ ቤት የለም። ሕዝቡ ምን ይበላል?» ከሥሩ የአንተ ጽሕፈት፦ «ትክክል ነው። ይጨመር።»

ያኔ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ገዲሴ ጩኸቴን ሰምታ ስትሮጥ መጣችና፣ «በስተመጨረሻ! ተመስገን!» ብላ አብራኝ አለቀሰች።

ልጄ፣ ሐዘኔ እንዳለ ነው። ግን ከደረቴ ላይ ትልቅ ሸክም ወርዷል። እንቅልፍ ይወስደኛል። ፎቶግራፍህንም ፊት ለፊት አየዋለሁ። ነገሪ ሐሳቦችህን ወፍጮ ቤቱን ጨምሮ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ነው፤ ሠሪዎቹ ይቀበሉት አይቀበሉት እንጃ።

ያጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ ሰው እንዲያነበው ፈቅጃለሁ። እናንተ የምታነቡት፣ የልጄ የክርስትና ስም ወልደ ገብርኤል ነው። ስትጸልዩ ስሙን ጠርታችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ፤ እምነታችሁ ሌላ የሆነም በየጸሎታችሁ አስቡት። እኔ አርባውን ቀን ሙሉ ለራሴ ይቅርታ ስለምን፣ ለእርሱ አንዴም አልጸለይኩምና የጎደለውን ሙሉልኝ።

እናትህ ውዳሴ
ላፍቶ፣ ጥቅምት 1982 ዓ.ም.