ዐርብ ማታዬን ስለ ማስመለስ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.
ኖርዝ ሜልቦርን

ለክቡር አቶ ፋንታሁን
የአብሮነት መረዳጃ ማኅበር የስፖርትና መዝናኛ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ከጥያቄ አንባቢነት መልቀቄን ለአራተኛ ጊዜ ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በዚህ አጥንት ድረስ በሚዘልቅ የሐምሌ ብርድ እንደ ምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በተለይ የሁለቱ መዳፎችዎ ጤና ያሳስበኛል፤ ትናንት ማታ በአዳራሹ ከሰው ሁሉ ቀድመው ተነሥተው፣ ከሰው ሁሉ ኋላ እስኪቀመጡ ድረስ ሲያጨበጭቡልኝ አይቻለሁና። ምክንያቱን ኋላ እደርስበታለሁ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በሕንፃችን ሊፍት አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ደፍሬ አይደለም። በእጅዎ የሰጠኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «በትሕትና የተጻፉ» ተብለው በክብር ፋይል ውስጥ ስለ ገቡ፣ አራተኛው ትንሽ ነፋስ ያግኘው ብዬ ነው።

ሊፍታችን ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመጣ የታወቀ ስለሆነ፣ ቆመው የሚያነቡ ጎረቤቶቼ ጊዜ አላቸው ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። በ1998 ዓ.ም. መጋቢት፣ የኮመንዌልዝ ጨዋታ እዚሁ ከተማችን በተደረገበት ሰሞን፣ ካርልተን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ወጥ ቤት የሚሠራው ወንድማችን አምኃ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ፈረንጆቹ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በየጠረጴዛው ቡድን እየሆኑ የስፖርት ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ላሸነፈም ይጨበጨብለታል አለ። ኮሚቴዎ ከመጠጥ ቤቱ መጠጡን ትቶ ጥያቄውን ወሰደ፤ በቢራው ፈንታ ፋንታና ሳምቡሳ ቀረበ፤ ምሽቱም ዐርብ እንዲሆን ተወሰነ። የጎደለው ጥያቄውን የሚያነብ ሰው ብቻ ነበር፤ እርስዎም ወደ እኔ ጠቆሙ።

እኔም «አይ፣ እኔ አልችልም» አልሁ። ስሕተቴ ይህ ነበር። በእኛ ሰው ዘንድ ማዕድ ቀርቦለት «ጠግቤአለሁ» ያለ ሰው ሁሉ እንደ ተራበ ይቆጠራል፤ ሹመት ቀርቦለት «አልችልም» ያለም ሰው ሹመቱን እንደ ጓጓለት ይታወቃል። ሁለተኛ እምቢ ስል ፈገግ አላችሁ። ሦስተኛ «በአላህ ተዉኝ፣ ስለ ስፖርት የማውቀው ነገር የለም» ስል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ጸሐፊያችን ወይዘሮ ለተብርሃንም በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ ሙሔ ይማም ኃላፊነቱን በደስታ ተቀብለዋል» ብለው ጻፉ። ቀጥ ብዬ «እሺ» ብል ኖሮ ስግብግብ ነው ተብዬ በቀላሉ እተው ነበር። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አለፈው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ዐርቤን ስለ መውሰድዎ። መጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ ነበር። ቀጥሎ «በሕዝብ ጥያቄ» በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፤ ሕዝቡ ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ እርስዎና አምኃ መሆናችሁን ተረዳሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በየሳምንቱ ነው። ረመዳን ሲገባ «እንግዲህ አንድ ወር አርፋለሁ» ብዬ ነበር፤ ኮሚቴዎ ግን ለሃይማኖቴ ካለው ታላቅ አክብሮት የተነሣ ምሽቱን ከኢፍጣር በኋላ አድርጎልኝ ጭራሽ ሰው በዛበት። ለዚህ አሳቢነትዎ ቃላት ያጥሩኛል።

2ኛ. ስላወቅሁት ዕውቀት። ከዳቦ ፋብሪካው ሥራዬ ስወጣ በቀጥታ ላይብረሪ እየገባሁ ጥያቄ ስለምለቅም፣ ዛሬ በሜልቦርን ከተማ እንደ እኔ የማይረባ ነገር በብዛት የሚያውቅ ዳቦ ጋጋሪ ያለ አይመስለኝም። አገራችን ኦሎምፒክ የገባችው በዚችው በሜልቦርን፣ በፈረንጅ 1956 መሆኑን አውቃለሁ። በዚያው ዓመት ፈረሶች ወደ አውስትራሊያ እንዳይገቡ ሕጉ ስለ ከለከለ፣ ጨዋታው እዚህ ሲሆን የፈረስ ውድድሩ ስዊድን ድረስ ሄዶ እንደ ተደረገም አውቃለሁ። በፈረንጅ 1977 የፉቲው፣ የአውስትራሊያውያኑ እግር ኳስ፣ የፍጻሜ ጨዋታ በአቻ አልቆ በሳምንቱ ሲደገም ዋንጫው ወደ ሰፈራችን ወደ ኖርዝ ሜልቦርን እንደ መጣ፣ በኔትቦል ስንት ሰው እንደሚሰለፍ፣ በቅርጫት ኳስ አንድ ተጫዋች አምስተኛ ፋውል ሲሠራ ከሜዳ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። በመጨረሻው ሕግ እቀናለሁ፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቢያንስ የሚወጣበትን ቁጥር ያውቃል።

3ኛ. ስለ ጋሼ ወልዴ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ ግብጽን በስንት አሸነፍን የሚል ጥያቄ አንብቤ፣ በካርዱ ላይ እንደ ተጻፈው «አራት ለሁለት» ብዬ ነበር። ጋሼ ወልዴ ግን ያን ዕለት ስታዲየም እንደ ነበሩና አምስተኛውን ጎል በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ በሥራ ሰዓቴ እየደወሉ «ሙሔ፣ ልጄ፣ አሰብህበት ወይ?» ይሉኛል። ጉዳዩን ለኮሚቴዎ አቀረብሁ። ኮሚቴዎ ሁለት ስብሰባ ተቀምጦ ካርዱም ትክክል ነው፣ ጋሼ ወልዴም ትክክል ናቸው፣ አንባቢው ግን ወደ ፊት ድምፁን ለስለስ ያድርግ ሲል ወሰነ። ለዚህ ጥበብ አመሰግናለሁ። ድምፄን አለስልሻለሁ፤ ስልኩ ግን አልለሰለሰም።

4ኛ. በሩን ስለ መዝጋትዎ። በደንባችን መሠረት ኃላፊነቱን የሚለቅ ሰው መልቀቂያው በጠቅላላ ጉባኤ መጽደቅ አለበት። ጉባኤው አርባ ሰው ይፈልጋል። አርባ ሰው የሚገኘው ደግሞ ዐርብ ማታ፣ ለጥያቄው ብቻ ነው። በዐርብ ምሽት ሌላ አጀንዳ እንዳይነሣ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ያን ደንብ፣ አንድ ዐርብ ስለ ሊፍቱ ለሁለት ሰዓት ስለ ተከራከራችሁ ተናድጄ ያቀረብሁት እኔ ራሴ ነኝ። እርስዎ ደገፉኝ፣ በሙሉ ድምፅም አለፈ። በሕግ መውጣት ካቃተኝ በጥፋት ልባረር ብዬ ደግሞ፣ ማራቶን ስንት ኪሎ ሜትር ነው ለሚለው ጥያቄ «ከዚህ እስከ ሜልተን» የሚል መልስ አነበብሁ። አዳራሹ ሳቀ፤ ወይዘሮ ለተብርሃንም «የምሽቱ ተወዳጅ ቀልድ» ብለው መዘገቡት። ባለቤቴ ኸይሪያና እኔ ሜልተን ቤት ገዝተን በመጪው ቅዳሜ ልንገባ መሆኑን ስነግርዎም፣ አሁንስ አመለጥሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሜልተን ቅርንጫፍ መሥራች ጥያቄ አንባቢ መሆኔን የሚያበሥር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የባቡሩ ሰዓት ዝርዝርም ተያይዞ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ጭብጨባውን የወደድሁበት ጊዜ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሊጥ ማቡኪያ ማሽን ጋር የዋለ ሰው ማታ አርባ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠው ደስ ይለዋል። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው እንዳይባል ነው። አብዛኛው ነው።

5ኛ. ስለ ትናንት ማታ። ይኸኛው ከቀደሙት ይረዝማል፤ ሊፍቱ የመጣላችሁ ጎረቤቶቼ ሂዱ፣ አልቀየማችሁም።

አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ኒስሪን የምትባል ልጅ አለችኝ። ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ጨዋታዋ ዐርብ ማታ ነው። ሁለት የውድድር ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታዋን አላየሁም። ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር፤ አንዱን ጊዜ እርስዎ «እንግዶች ከጂሎንግ መጥተዋል» አሉኝ፣ ሁለተኛውን ጊዜ «አንተ ከሌለህ ሰው ይበተናል» አሉኝ። እኔ ሌሊት አሥር ሰዓት ለሥራ ስወጣ ተኝታ ነው፤ እሷ ከልምምድ ስትመለስ እኔ ለመተኛት እየተዘጋጀሁ ነው። የቀረችን ምሽት ዐርብ ነበረች።

ትናንት ወይዘሮ ለተብርሃን እኔን ለማስደሰት ብለው «የማኅበራችን ልጆች በስፖርት» የሚል አዲስ ክፍል አዘጋጅተው በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ በታዘዝሁት መሠረት ድምፄን አለስልሼ አነበብሁ። ባለፈው ወር የቅርጫት ኳስ ቡድኗ አምበል ሆና የተመረጠችው የማኅበራችን አባል ልጅ ማን ናት? ይላል። ስምንቱም ጠረጴዛ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ አንድም ሰው ጓደኛውን አላማከረም። ምንኛ ቀላል ጥያቄ ነው አልሁ በልቤ፤ ደግሞም የማን ዕድለኛ ሰው ልጅ ትሆን ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ካርዱን ገለበጥሁት። ኒስሪን ሙሔ ይላል። እመኑኝ፣ ለአፍታ ያህል ሌላ ሙሔ የሚባል ሰው በማኅበራችን ውስጥ ፈለግሁ።

ስምንቱም ጠረጴዛ ሙሉ ነጥብ አገኘ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ መልሱን የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ማይክሮፎኑን ይዞ የቆመው ነው። ስሟን ሳነብ ድምፄ ተቆረጠ። እርስዎ ኩራት ያዘው ብለው ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ሰው ሁሉ ተከትሎዎት ተነሣ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ አነበብሁ።

ቤት ስገባ ኸይሪያን ጠየቅኋት። «እኔማ ሰርፕራይዝ ላድርገው፣ ራሴ እነግረዋለሁ ስላለችኝ ነው ዝም ያልሁት» አለችኝ። አንድ ወር ሙሉ የምትነግረኝ ሰዓት አጥታ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጧት ቁርስ ላይ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ኒስሪን ቀና ሳትል «ኖ ዎሪስ፣ ዳድ፣ ቢዚ ነበርክ» አለችኝና ዳቦዋን መቀባት ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ፊት እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም።

መጪው ዐርብ፣ ሐምሌ 18፣ ከዚህ ቡድን ጋር የመጨረሻ ጨዋታዋ ነው፤ በማግሥቱ ሜልተን ስንገባ ሌላ ክለብ ትፈልጋለች። ኮሚቴዎም ይህችኑ ዐርብ መርጦ «የቤጂንግ ዋዜማ ታላቅ የኦሎምፒክ ምሽት» ብሎ ሰይሟታል፤ የእኔም ፎቶ በማስታወቂያው ላይ ወጥቷል፣ ሳልጠየቅ። ፎቶው ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልገኝም። እንደምመጣላት ለኒስሪን ገና አልነገርኋትም፤ ሁለት ጊዜ የዋሸ ሰው ሦስተኛውን በአፉ ሳይሆን በእግሩ ቢናገር ይሻላል ብዬ ነው።

የአዳራሹን ቁልፍና ያልተነበቡ ስልሳ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በፖስታ ሣጥንዎ ውስጥ አስገብቻለሁ። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ድርድርም አይደለም። ኮሚቴዎ አሁንም «እምቢታው የጨዋነት ነው» ብሎ ከተረጎመው፣ ስለ ጨዋነቴ ያለውን የተጋነነ ግምት እንዲያስተካክል በአክብሮት እለምናለሁ።

ሰው ያለውን ሁሉ ሳይከፋው፣ እያጨበጨቡለትም ጭምር መውሰድ ለቻለው አመራርዎ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ሌላ አንባቢ፣ ለዚያም አንባቢ ልጅ የሌለው ሰው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

ታዛዥ የነበረው አገልጋይዎ
ሙሔ ይማም
አሥራ አንደኛ ፎቅ (እስከ ቅዳሜ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ለተብርሃን፣ ጸሐፊ፤ «በደስታ» የሚለው ቃል እንዲወጣልኝ
ለጋሼ ወልዴ፤ አምስት ጎል ይሁንልዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወርድ፣ ኮሚቴዎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ የሰቀለውን የመጪውን ዐርብ የአንባቢና የተወዳዳሪዎች ስም ዝርዝር አየሁ። ጠረጴዛ ዘጠኝ አዲስ ነው፤ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ኒስሪን ሙሔ። ተመልሼ ወጥቼ የመጨረሻ ጨዋታሽስ ብላት፣ ለካ እንደማትጫወት ለአሠልጣኟ ሐሙስ ዕለት ነግራዋለች። ለምን ብላት፣ «ዳድ፣ ፍራይደይ አንተ የምትገኘው እዚያ ነዋ» አለችኝ። እንደምትጫወት ለአሠልጣኟ ራሴ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ከዝርዝርዎም ላይ የሁለታችንንም ስም በዚሁ እስክሪብቶ ሰርዣለሁ።